የዳማው ወገን

ጫግኒ ላይ ሳድግ የአጎቴ ዳማ ፈረስ ከእኔ ይልቅ ይከበር ነበር። ገብሱ ተለቅሞ ይሰጠዋል፤ እኔ ድንጋዩ ያልተለቀመለትን ቆሎ እቆረጥማለሁ። አጎቴ ወደ በለስ ቆላ ሲወርድ በእግሩ ነው፤ ገንዲ እንዳይዝበት ዳማውን ለእኔ አደራ ብሎ።

ጥር ሲገባ መንገዱ ሽቅብ ወደ ደጋው ይዞራል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ቀን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ዓድዋ ከአባቶቻችን ጋር የዘመተውን ፈረስ ሲያስብ ኖሯል። ዋዜማውን ግላሱ ይራገፋል፤ እርካቡ በአመድ ይታሻል። «ፈረስ ሳይጌጥ አደባባይ አይወጣም» ይላል አጎቴ፣ እሱ ራሱ የተጣፈ ቁምጣ ለብሶ።

በጉግስ ዳማውን የሚያስመሰግነው ዞሩ ነበር። ዘንግ ሲወረወርበት ልጓሙ ገና ሳይሳብ ይታጠፋል፤ ዘንጉ ባዶ ሜዳ ላይ ያርፋል፤ እልልታው ይቀልጣል።

የፈረስ ዘር ነገር ከተነሣ፣ እንግሊዞች የሩጫ ፈረሳቸውን ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በመዝገብ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ ተከታዩን በ31 ፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩጫ አቁሞ ዕድሜ ልኩን ባዝራ ሲመጣለት ኖረ። የእኛ አገር ባዝራ ግን ዕጣዋ ከአህያ ጋር ነው፤ በቅሎ ዋጋ ታወጣለች። አጎቴም ሁለቱን ባዝሮቹን ለአህያ ሰጠ። በቅሎ «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባል የለ? ከበቅሎ ወዲያ ግን ዘር የለም። ዳማው ሲሞት አንድ ውርንጭላ እንኳ አልተወም።

ለእኛ መዝገቡ የሰው ስም ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና የተባሉት በፈረሳቸው ነው። አጎቴንም በክርስትና ስሙ የሚያውቀው ቄሱ ብቻ ነበር።

ዛሬ ጫግኒ ውስጥ ፈረስ ይታሰርበት በነበረው ግንድ ሥር ባጃጅ ይቆማል። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ጥር 23ን ያየሁት በሚኒባስ ወጥቼ ነው። አንድ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። አባቴን ጠራሁ፤ አላወቁትም። አያቴን ጠራሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጫግኒ፣ የዳማው ቤት» አልኳቸው።

«አንተ! የዳማው!» ብለው እንደ አዲስ ጨበጡኝ፤ እጄንም ሳይለቁ ስለ ዞሩ ያወሩልኝ ጀመር።