ስለ አንድ የተዘጋ ቤትና ስለ አጎቴ ራዲዮ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይህ አነጋገር የተነገረው ለሰው ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ ዓመት ባጋጠመኝ ነገር ምክንያት ለንግድ ቤትም ሊነገር እንደሚችል ተረድቻለሁ። የንግድ ቤት ሲዘጋ ስሙ በሠራው ዕቃ ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ዕቃውም በገዛው ሰው እጅ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ ቢበላሽ ወደ ማን ይኬዳል? መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች ለአንዳንድ አንባብያን ትንሽ መስለው ይታዩ ይሆናል። እኔ ግን የሳይንስ ክበባችን ወላጆች ያዋጡትን ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውል በሚመክርበት በአሁኑ ጊዜ ትልቅ ጥያቄዎች ሆነው ስላገኘኋቸው፣ በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ ከሩቅ በራዲዮ ስለሚታዘዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች ነው። ዕቃን ያለ ገመድ ከሩቅ ማዘዝ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አንዲት ትንሽ ጀልባ በራዲዮ ሞገድ እየመራ ለሕዝብ አሳይቷል። ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። በእጅ የሚያዘው ዕቃ አስተላላፊ ይባላል፤ በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ተቀባይ ይባላል። ተቀባዩ የሰማውን ትእዛዝ ሰርቮ ለሚባሉት ትንንሽ ሞተሮች ያስተላልፋል፤ እነርሱም የጭራውንና የክንፉን መሪ ያዞራሉ። ትእዛዙም በጣም አጭር የሆነ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ የሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ያህል ከቆየ ሰርቮው ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ሁለት ሺሕኛ ያህል ከቆየ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል፤ አንድ ተኩል ሺሕኛ ከሆነ ግን መካከል ላይ ይቆማል። ይህም በሴኮንድ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከእናቴ ወንድም ነው። አጎቴ በጀርመን አገር ለብዙ ዓመታት በመካኒክነት ሠርተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከልብሳቸው ይልቅ ተጠንቅቀው የያዙት በአንድ ሻንጣ ውስጥ የነበረውን አስተላላፊና ክንፉ ከሁለት የሚነቀል አንድ ሞተር የሌለው አይሮፕላን ነበር። እሑድ እሑድ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከከተማ ወጥተው በአንድ ሜዳ ላይ ያበሩ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። በሜዳው መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተተክሎ፣ በሰሌዳውም ላይ የሞገድ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ተሰክተው ይገኙ ነበር። በዚያ አገር ለአይሮፕላን የተፈቀደው ሞገድ 35 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ እርሱም በብዙ ጠባብ መሥመሮች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ሰው በአስተላላፊውና በተቀባዩ ውስጥ የሚሰካው ክሪስታል የትኛውን መሥመር እንደሚጠቀም ይወስናል። ሁለት ሰዎች በአንድ መሥመር ላይ ራዲዮአቸውን ከከፈቱ ተቀባዩ ማንን እንደሚሰማ ስለማያውቅ አይሮፕላኑ ይወድቃል። «ልጄ፣ መቆንጠጫውን ሳይወስድ ራዲዮውን የሚከፍት ሰው የጓደኛውን አይሮፕላን በድንጋይ እንደ መታ ይቆጠራል» ይሉኝ ነበር።

በአስተላላፊው ፊት ላይ ሁለት ስሞች ተጽፈዋል፤ አንዱ ግራውፕነር፣ ሁለተኛው ጄ አር። ግራውፕነር የተባለውን ቤት ዮሐንስ ግራውፕነር የተባለ ሰው በ1930 በሽቱትጋርት ከተማ አቋቋመው፤ ብዙም ሳይቆይ ቴክ ከሚባለው ተራራ ግርጌ ወደምትገኘው ወደ ኪርሽሃይም ተዛወረ። ከእርሱም በኋላ ልጁ ሐንስ ግራውፕነር ሥራውን መራው። ቤቱ የታወቀው ልጆች በገዛ እጃቸው ቆርጠውና አጣብቀው የሚገጣጥሟቸውን የእንጨት አይሮፕላኖች በካርቶን አድርጎ በመሸጥ ነው። ትንሹ ኡሁ፣ ማለት ትንሹ ጉጉት፣ የተባለው ሞተር የሌለው አይሮፕላን የብዙ ጀርመናውያን ልጆች የመጀመሪያ ሥራ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር ግን ቤቱ በስሙ የሚሸጣቸውን ራዲዮዎች ይሠሩለት የነበሩት ሌሎች መሆናቸው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ቫርዮፕሮፕ የተባለውን ራዲዮ የሠራለት ግሩንዲግ ነው፤ በኋላም ጄ አር የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ሠራለት፤ በመጨረሻም ኤስ ጄ የተባለ የኮርያ ፋብሪካ ተተካ። እንግዲህ ስሙ አንድ ሲሆን እጁ ሦስት ነበር ማለት ነው።

ይህ ቤት በ2012 ዕዳውን መክፈል እንዳቃተው አስታወቀ። በ2013 የኮርያው ኤስ ጄ ወሰደው፤ ይሁን እንጂ በ2010ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በኪርሽሃይም የነበረው ሥራ ቆመ፤ ስሙም ወደ ሌሎች ነጋዴዎች እጅ ተላለፈ። በዚህ ዕድል የደረሰበት ግራውፕነር ብቻ አይደለም። ሌላው የጀርመን ቤት ሮቤ በ2015 ሥራውን ሲያቆም ስሙ ተሸጦ ወደ ኦስትሪያ ተሻገረ። በአሜሪካ ደግሞ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤቶቹ የነበሩት ሆቢኮ የተባለው ትልቅ አከፋፋይ በጥር 2018 ለክስረት ፍርድ ቤት አመለከተ፤ በዚያው ዓመት ንብረቱ ተከፋፍሎ ለሌሎች ተሸጠ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ አንድ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ቀድሞ አንድ ልጅ አይሮፕላኑን ሠርቶ እስኪጨርስ ወራት ይወስድበት ነበር፤ ዛሬ ከፎም ተሠርቶ ያለቀ አይሮፕላን በርካሽ ዋጋ ከቻይና ይመጣል። ገዢውም ዕቃውን በኢንተርኔት በቀጥታ ከሠሪው ስለሚያዝ በመካከል የነበረው ነጋዴ ትርፉ ተነካበት። ብዙ ወጣቶችም አራት ተሽከርካሪ ወዳላቸው፣ ራሳቸውን በራሳቸው አስተካክለው ወደሚንሳፈፉት ድሮኖች ዞሩ። ከዚህም ሁሉ በላይ የራዲዮው ጥበብ ራሱ ተለወጠ፤ ስሙን እያሳተመ የሌላውን ሥራ ለሚሸጥ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ለውጥ የከበደ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለውጥ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በ2005 ስፔክትረም የተባለው ራዲዮ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራ አስተላላፊ ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹ ሁሉ ተከተሉት። የ35 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ስለዚህ አስተላላፊው ከአንድ ሜትር በላይ የሚመዘዝ አንቴና ያስፈልገው ነበር። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ አንቴናው ከጣት አይበልጥም። ክሪስታልም አያስፈልግም፤ የመቆንጠጫው ሰሌዳም ቀረ። አስተላላፊውና ተቀባዩ በመጀመሪያ ቀን ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ተቀባዩ የጌታውን ድምፅ ብቻ ይሰማል። በእውነቱ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የገዛ ራሱን ቋንቋ ፈጠረ። የአንዱ ቤት ተቀባይ የሌላውን ቤት አስተላላፊ አይሰማም። ሰውየው አንድ ጊዜ ራዲዮ ከገዛ፣ ለሚሠራው አይሮፕላን ሁሉ ተቀባይ የሚገዛው ከዚያው ቤት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ባለፈው ክረምት ዝናብ በጣራው ቀዳዳ ገብቶ የአጎቴን ሻንጣ አረጠበውና ተቀባዩ ተበላሸ። ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። እርሳቸውም በመነጽራቸው አተኩረው ካዩት በኋላ መዳቡ በዝገት መበላቱን አሳዩን። አጎቴ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤት ተመለሱ። አይሮፕላኑንም ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ሚስማር ሲፈልጉ ባየሁ ጊዜ «አጎቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸው።

ለሁለት ወር ያህል ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ በጀርመን አገር ያለ የአጎቴ ልጅ ያገለገለ ተቀባይ ከአንድ ሽማግሌ ገዝቶ በሰው እጅ ላከልን። ተቀባዩ የግራውፕነር አልነበረም፤ ሌላ ቤት የሠራው ነው። እኔም አይሠራም ብዬ ፈርቼ ነበር። አጎቴ ግን መሥመሩን የሚስማማ ክሪስታል ሰኩበት፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ አራት ባትሪዎችን አገናኝተው 4.8 ቮልት ሰጡት፤ አስተላላፊውንም በቀላሉ የአሠራር ዘዴ ላይ አደረጉት። ማንሻውን ሲነኩት የአይሮፕላኑ ጭራ ተንቀሳቀሰ። የሁለቱ ቤቶች ሰዎች ምናልባት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ዕቃዎቻቸው ግን አንድ የጋራ ቋንቋ ይናገሩ ስለ ነበር፣ አንደኛው ቤት ከተዘጋ በኋላም ተግባቡ።

በአንጻሩ ክበባችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በስጦታ ያገኘው የ2.4 ጊጋኸርዝ ራዲዮ አለ። የሠሪውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ዕድሜው ከአጎቴ ራዲዮ እጅግ ያነሰ ነው፤ መልኩም ያማረ ነው። ተቀባዩ ሲበላሽ ግን የዚያን ቤት ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ተቀባይ በከተማው ፈልገን አላገኘንም። ከሌላ ቤት የተገዛውን ብናቀርብለትም አልተዋወቀውም። ራዲዮው አሁን በላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አሮጌው ሲናገር አዲሱ ዲዳ ሆነ።

በክበባችን ስብሰባ ላይ አሁን ሁለት አሳብ አለ። አንደኛው ወገን «ስሙ የገነነ ትልቅ ቤት የሠራውን እንግዛ፤ ትልቅ ቤት በቀላሉ አይወድቅም» ይላል። ይህ አሳብ ከንቱ አይደለም፤ በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ለብዙ ዘመን ያገለግላልና። የአጎቴ አስተላላፊ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም ግራውፕነርም ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ትልቅ ቤት ነበር። ትልቅነቱ ከመዘጋት አላዳነውም።

ሁለተኛው ወገን፣ እኔም የምደግፈው፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ራዲዮ እንግዛ ይላል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በኅብረት የጻፉት፣ ማንም ሰው ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል፣ ኦፕን ቲ ኤክስ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ከእርሱም ኤጅ ቲ ኤክስ የተባለው ተወልዷል። በእነዚህ የሚሠሩ አስተላላፊዎች ተስማሚ መሣሪያ ሲገጠምላቸው የብዙ ቤቶችን ተቀባዮች ሊያናግሩ ይችላሉ። ኤክስፕረስ ኤል አር ኤስ የተባለው የራዲዮ ቋንቋም እንዲሁ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩበታል። ከእነርሱ አንዱ ነገ ቢዘጋ ሌላው ይተካዋል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ራዲዮ ከሳጥኑ ወጥቶ ወዲያው አይታዘዝም፤ መጽሐፉን ማንበብ፣ መሞከር፣ አንዳንድ ጊዜም መናደድ አለበት። ለነጋዴ ይህ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ለተማሪ ግን ትምህርት ነው፤ ክበባችንም የተቋቋመው ለመማር ነው።

ውድ ወላጆችና የተከበራችሁ መምህራን፣ ይህን የምጽፈው ስለ አንድ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ለላቦራቶሪያችን ኮምፒዩተር ወይም የመለኪያ መሣሪያ ስንገዛ ዋጋውንና ውበቱን እንጠይቃለን። ከእነዚህ ጋር አንድ ሦስተኛ ጥያቄ እንድንጨምር እለምናለሁ፤ ይኸውም «የሠራው ቤት ቢዘጋ ይህን ዕቃ ሌላ ማን ሊያናግረው፣ ማንስ ሊጠግነው ይችላል?» የሚል ነው። ዕቃ ከሩቅ አገር ለሚመጣለትና መለዋወጫ እስኪደርሰው ድረስ ብዙ ወራት ለሚጠብቅ እንደ እኛ ላለ ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

እናንተም ጓደኞቼ፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዝምተኛ ራዲዮ አትናቁት። ማንሻዎቹ ደኅና ናቸው፤ ሳጥኑም ጠንካራ ነው። ክበቡ ከፈቀደልን በመጪው ዓመት ከፍተን የሚሠራውን ክፍል ለይተን፣ የቤቱን ቋንቋ አውጥተን የሁሉን ቋንቋ ልናስገባበት እንሞክራለን። መበያጃ ብረትና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው በር ላይ ስሙን ያስመዝግብ።