የቦይ ዳር መንገድ

በልጅነቴ በምዕራብ ዓባያ፣ ከብርብር ወጣ ብሎ ወደ እርሻ ለሚወርድ ሰው መንገዱ ቦዩ ነበር። ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት እነ ባሶና ሻፌ ወንዞች ሜዳውን ሲነኩ ይጠለፋሉ፤ ከቦዩ የወጣው አፈር የተቆለለበት ጠርዝ በእግር ብዛት ተደልድሎ መንገድ ወጣው። የውሃ አባቱ አካፋቸውን በትከሻቸው ይዘው ያለተራው ውሃ የከፈተ እንዳለ እያዩ ይመላለሱበታል። እናቶች ወደ ገበያ፣ እኛ ወደ ትምህርት ቤት።

ብስክሌት ለመልመድ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቦይ የሚቆፈረው ውሃው ሳይተኛም ሳይጣደፍም እንዲሄድ ስለሆነ ቁልቁለቱ በዓይን አይለይም። ማርሽ የሌላት ከባድ የቻይና ብስክሌት እንኳ ከኋላዋ የሙዝ ዘለላ ተጭኖባት ያለ ድካም ትሄዳለች። በአንድ ጎን የማንጎና የሃላኮ (ሽፈራው) ጥላ፣ በሌላው ውሃ፣ ከሙዙ ቅጠል ባሻገር ቀላ ያለው ዓባያ ሐይቅ። ሽማግሌ ከፊት ከመጡ ግን ወርዶ፣ ብስክሌቱን ወደ ራስ ስቦ፣ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ማሳለፍ ግድ ነው።

ዛሬ ያ ጠርዝ በብዙ ቦታ የለም። ሙዝ ገበያ አገኘ፤ አይሱዙ እስከ ማሳው መጥቶ ለአዲስ አበባ መጫን ሲጀምር እያንዳንዱ ገበሬ አንድ እግር ሙዝ ወደ ቦዩ አስጠግቶ ተከለ። ጎረቤቱም እንዲሁ። ደጋው በተመነጠረ ቁጥር ደግሞ ወንዞቹ የሚያወርዱት ደለል በዛ፤ ከቦዩ የሚጠረገው ጭቃም የሚደፋው እዚያው መንገዱ ላይ ነው። ሲደርቅ ጉብታ፣ ሲዘንብ ማጥ። በገበሬው አልፈርድም፤ ልጆቹን ያስተማረበት ሙዝ ነው። የሚቆጨኝ እነዚያው ልጆች አሁን ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአርባ ምንጭ–ሶዶ አስፋልት ዳር፣ ከአይሱዙና ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ መሆኑ ነው።

ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼን ልጠይቅ ሄጄ ግን ዳሩ የተጠበቀ ቦይ አየሁ፤ በጆርጅታውን በኩል በእግር ወሰዱኝ። በአንድ ወገን እ.ኤ.አ. በ1924 ጀልባ የቀረበት የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ አለ። ከጎኑ ባቡር በ1985 ያቆመበት መስመር ሐዲዱ ተነስቶ እስከ ቤተዝዳ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ባቡርም እንደ ውሃ ዳገት አይወድምና ሜዳ ነው። ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታስቦ ነበር። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሐሳቡን የደገፉ የጋዜጣ አዘጋጆችን አብረው እንዲሄዱ ጋብዘው፣ ከኩምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን 297 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ወረዱ። የመኪናው መንገድ ቀረ፤ በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እዚያ ውሃ የሚያጠጣው ማሳ የለም። የእኛ ቦይ ግን ዛሬም ያጠጣል፤ ዳሩን የሚፈልግ ሰውም ሞልቷል።

ባለፈው ስመለስ ለውሃ አባቱ ይህንኑ አወራኋቸው። በጠረጋ ጊዜ ጭቃው በአንድ ወገን ብቻ ቢደፋ፣ በሌላው ወገን ሁለት ሰው የሚተላለፍበት ስፋት ቢተው አልኩ።

«እኔም እፈልገዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ውሃውን የማየው ሙዝ ውስጥ እየተሹለከለክሁ ነው። የጠረጋው ቀን ና፤ ሰዉ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ እዚያው ተናገር።»