ሳይቆም የሚታረም ጽሕፈት

«የአማርኛ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ነገሩ የጽሕፈት ነገር ስለ ሆነ ያገባኛል። እንዲያውም በጋይንት፥ በቤተ ልሔም አካባቢ ላደገ ሰው ከብዙዎቹ ቀድሞ ሊገባው የሚችል ነገር ነው። ይህ አነጋገሬ የአገር ልጅ ጉራ እንዳይመስል ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ፤ የኮምፒዩተር ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚያውቁትን ስደግምባቸው ይታገሡኝ።

በኮምፒዩተር ውስጥ ከሁሉ በታች ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ፕሮግራም አለ። ከርነል ይሉታል፤ እኛ አስኳል ብንለው ያስኬዳል። ፋይሉን የሚከፍት፥ ኔትወርኩን የሚያነጋግር፥ ለየፕሮግራሙ ቦታና ተራ የሚያድል እርሱ ነው። ሊኑክስ የሚባለው አስኳል ዛሬ በነፋስ መውጫ ገበያ ውሎ በሚገባ ሰው ኪስ ውስጥም አለ፤ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ነውና። ይህ አስኳል በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ትናንሽ የሥራ ክፍሎች የተሰፋ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፈንክሽን ይሏቸዋል። አንዱ ሌላውን ይጠራል፥ የተጠራውም ሦስተኛውን ይጠራል፤ ይህ ሁሉ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ስንት ጊዜ ይደጋገማል! ታዲያ ሥራው በዘገየ ወይም በተሳሳተ ጊዜ ማን ማንን እንደ ጠራ በምን ይታወቃል? አስቁሞ መመርመር ሕመምተኛውን ገድሎ ሕመሙን እንደ መፈለግ ነው።

ኤፍትሬስ የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ዋናው ደራሲው ስቲቨን ሮስቴድት ሲሆን፥ ወደ ሊኑክስ የገባው በኦክቶበር 2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በ2.6.27 እትም ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። አስኳሉ ወደ መኪናው ቋንቋ ሲተረጐም፥ ተርጓሚው ፕሮግራም በእያንዳንዱ ፈንክሽን ራስ ላይ አንዲት የጥሪ ትእዛዝ ያስገባል፤ «እዚህ ተደርሷል» ብላ ለመዝጋቢው የምታስታውቅ ናት። ነገር ግን በየደጃፉ ዘበኛ ቆሞ አላፊውን ሁሉ ስምህ ማነው ቢል ሥራው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ እነዚያ ጥሪዎች ሁሉ ይፋቁና በቦታቸው «ምንም አታድርግ፥ እለፍ» የሚል ባዶ ትእዛዝ ይጻፋል። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ጥሪውም 5 ባይት፥ ባዶውም 5 ባይት ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ልክ ይገባል። መከታተል የፈለገ ሰው የፈንክሽኑን ስም ሲሰጥ ባዶው ተፍቆ ጥሪው ይጻፋል፤ ሲበቃው ጥሪው ተፍቆ ባዶው ይመለሳል።

ድጓ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለማያውቀው ልንገር፤ ድጓ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ነው። ቃሉ በደቂቅ ፊደል ይጻፋል፤ በመሥመርና በመሥመር መካከል ግን ጸሓፊው ዐውቆ ባዶ ቦታ ይተዋል። በዚያ ቦታ ከቃሉም የደቀቁ የዜማ ምልክቶች ይገባሉ፤ ይዘት፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ርክርክ፥ ደረት፥ ሂደት፥ ቁርጥ የሚባሉት፥ ሌሎችም ከፊደል የተውጣጡ አሉ። ምልክቶቹን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540-1559 እ.ኤ.አ.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ምልክቱን የማያውቅ አንባቢ ቃሉን አንብቦ ያልፋል፤ ቃሉ አልተነካምና። የሚያውቀው ግን እዚያ ሲደርስ ድምፁን ያነሣል፥ ይጥላል፥ ያርገበግባል። ቦታው ቀድሞ ባይተው ኖሮ ምልክት ለማስገባት ቃሉን መግፋት፥ መሥመሩን ማፍረስ በተገባ ነበር። ያ 5 ባይት ባዶ ቦታም ከዚህ ሌላ አይደለም።

ቤተ ልሔም ደግሞ የዚህ መጽሐፍ ማስመስከሪያ ናት። አቋቋም በጎንደር፥ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ እንደሚባለው ሁሉ፥ የድጓ መምህር ልሁን የሚል ሰው ተመርምሮ የሚመሰከርለት በቤተ ልሔም ነው። ይህን ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው፥ ጽሕፈቱ እየተነበበ የሚጻፍ መሆኑ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተር አንባቢው አንድ ብቻ አይደለም፤ አራት፥ ስምንት፥ ከዚያም የበዙ ፕሮሰሰሮች አንዱን ገጽ በአንድ ጊዜ ያነባሉ። አንዱ ሁለቱን ባይት ጽፎ ሦስቱ ሲቀሩት ሌላው ደርሶ ቢያነብ፥ ግማሹ ባዶ ግማሹ ጥሪ የሆነ፥ ማንም ያልጻፈው ትእዛዝ ያገኛል፤ ያንን ታዞም ገደል ይገባል። በመጀመሪያው ጊዜ መፍትሔው ሁሉንም ማስቆም ነበረ፤ አንዱ ሲጽፍ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ደኅና ነው፥ ግን ሥራ ይቋረጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. በነዚሁ ፕሮሰሰሮች ላይ ሌላ ዘዴ ተተካ፤ እኔ የወደድሁት ይህን ነው።

በመጀመሪያ ከአምስቱ ባይት የፊተኛይቱ ብቻ ትለወጣለች፤ በእርሷ ቦታ አንዲት የወጥመድ ትእዛዝ ትገባለች። አንድ ባይት ለሁለት ተከፍሎ አይነበብም፤ ወይ አሮጌው ነው፥ ወይ አዲሱ። ከዚያ ለፕሮሰሰሮቹ ሁሉ መልእክት ተልኮ ሁሉም ለውጡን እንዳዩ ይረጋገጣል። አሁን በዚያ የሚመጣ ሁሉ ወጥመዱ ላይ ይያዛል፤ ያዡም «እዚህ እየተጻፈ ነው፤ አምስቱን ተሻግረህ ሂድ» ብሎ ያሳልፈዋል። አላፊው እያለፈ የኋለኞቹ አራት ባይቶች በጸጥታ ይጻፋሉ፤ ማንም አያነባቸውምና። ሁለተኛ መልእክት ይላካል። በመጨረሻ ወጥመዲቱ ተነሥታ የጥሪው የመጀመሪያ ባይት ትገባለች። አንድም አንባቢ ሥራውን አልተወም፤ አንድም አንባቢ ግማሽ ቃል አላነበበም። የአዲስ አበባ መንገድ ሲቆፈር ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ በቅናት ሳያነበው አይቀርም።

በማሕሌትም ዜማው አይቆምም። በልጅነቴ እንዳየሁት፥ አንዱ ሲሳሳት ጽናጽሉም ከበሮውም አይቋረጥም፤ ከአጠገቡ ያሉት ትክክለኛውን ከፍ አድርገው ይዘው ያልፋሉ፥ እርሱም በሚቀጥለው ይገባል። ሆኖም ንጽጽሩን ከመጠን በላይ አልጐትተውም። ሰው የተሳሳተውን በጆሮው ለይቶ ይመለሳል፤ መኪናው ግን የተጻፈለትን ሁሉ ያምናል።

ማመኑ ምን እንደሚያስከትል በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ታየ። 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ ሳለ፥ ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች ይሞቱ ጀመር። ካርዱ የራሱን መለያና ቅንብር የሚያኖርበት ቋሚ ማኅደር እየተበላሸ፥ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ቢነሣም የማይድን ሆነ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ድራይቨሩ ነበረ፤ ጥፋተኛው ግን ኤፍትሬስ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ኤፍትሬስ የጥሪዎቹን አድራሻ እየመዘገበ ይቈይና ቈይቶ ተመልሶ ይፍቃቸው ነበር። በማስነሻ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚሰናበቱ ፈንክሽኖች አሉ፤ ቤታቸው ፈርሶ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ኤፍትሬስ አሮጌ መዝገቡን ይዞ ሲደርስ በዚያ አድራሻ የገባው አዲስ ነዋሪ የካርዱ ማኅደር ነበረ። የሚጽፍበት ትእዛዝ እንኳ «የጠበቅሁት ካለ ለውጥ፥ ከሌለ ተው» የሚል ስለ ነበረ ጥንቃቄ ያለው ይመስል ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን ይህን ትእዛዝ ሲፈጽም፥ ባይለውጥም ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። ለተራ ማኅደር ጉዳት የለውም፤ ለካርዱ መርዝ ሆነበት። በ2.6.27.1 ያ የኤፍትሬስ ክፍል ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አድራሻዎቹ አስኳሉ ሲገነባ ተመዝግበው የሚፋቁት ገና በማስነሻው መጀመሪያ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ለመጻፍ ሲፈለግ አስቀድሞ በቦታው ያለው ይነበባል። የተጠበቀው ካልተገኘ ኤፍትሬስ አንዲት ባይት ሳይጽፍ ይጮኻል፥ ራሱንም ይዘጋል። በዚሁ መሠረት ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. በ4.0 እትም ጉድለት ያለበትን ፈንክሽን ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ በሌላ መተካት ተችሏል።

አሁን ወደ ክርክራችን ልምጣ። በመኝታ ክፍላችን አንድ ወዳጄ «ድጓው ታትሟል፤ ዜማው በስልክ ተቀድቷል፤ ታዲያ ዛሬ ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ ማስመስከር የጫማ ጠላት ከመሆን በቀር ምን ይጠቅማል?» ይለኛል። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በቤታችንም የሚነሣ ነው። አጎቴ ዕድሜውን ለድጓ ሰጥቶ ሲመለስ፥ ከእርሱ ወዲህ ከቤተሰባችን ወደዚያ የሄደ የለም፤ እኔም ወደዚህ መጣሁ። ቤተ ልሔም የያዘችው ብቻ ልክ ነው አልልም፤ ቆማም አጫብርም የየራሳቸው ዜማ አላቸው። ነገር ግን የታተመውና የተቀዳው በአንድ ቀን የተያዘ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከቦታው ጋራ ዛሬም መስማማቱን የሚያይ ሰው ካልኖረ፥ ስሕተቱን የሚገልብጠው ሁሉ በትክክል ይገለብጠዋል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ሁለተኛ እትም አሳትሙ» አለኝ። ማን አይቶ? ብዬ ጠየቅሁት፤ በዚያ ሌሊት አልተስማማንም።

አጎቴ ያጫወተኝን ግን ልጻፈው። የጻፈውን ድጓ በቤተ ልሔም ሲያሳርም፥ እርሱ ያነባል፥ መምህሩ መጽሐፍ ሳይዙ በቃላቸው ይከታተላሉ። አንድ ቦታ ላይ ከጠበቁት ሌላ ምልክት መጣባቸው። አጎቴ ምላጩን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዙት። «ቈይ፤ ከማን ቀዳኸው?» አሉት። የቀዳበት መጽሐፍ ያለው ስማዳ ነበረ። ሰው ተልኮ እስኪመጣ ያ ገጽ ሳይነካ ሰነበተ፤ እርሱም ሌላውን ማንበቡን ቀጠለ። መጽሐፉ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ቢገለጥ ያው ምልክት በዚያው ቦታ ተገኘ። በዚያው ቀን፥ በአንድ ምላጭ፥ ሁለቱም ተፋቁ።