እማማ ውኃ መጠጣት ለምን ተዉ?

ውኃ ሲቀርብላቸው «አልጠማኝም» የሚሉ እናቶች በየቤቱ አሉ። ለቅሶ ቤት መሄድ ትተዋል፤ ማኅበሩንም «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ቀርተዋል። ቤተ ክርስቲያንም ከቅጥሩ ውጭ ተሳልመው ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ጉልበት አይደለም። ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ይህን ለልጅ ከመናገር ደግሞ ሞትን ይመርጣሉ።

እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። እርጅና ብቻ አይደለም! ሲያስሉና ሲስቁ ጠብ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የዳሌ ወለል ጡንቻ በወሊድና በዕድሜ ስለላላ ነው፤ ጡንቻውን በሚያጠነክር ልምምድ ይሻሻላል። አባቶች ላይ ፕሮስቴት አለ። ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ለደም ግፊት የታዘዘ የሚያሸና ኪኒንም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴማ ፊኛው ደህና ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ነው ከግቢው ጥግ ያለው። ጉልበቱ የደከመ ሰው እዚያ እስኪደርስ ያመልጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ውኃ መቀነስ ግን ያባብሰዋል፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ድርቀቱም ይጨምራል።

አንዲት አስታማሚ አውቃለሁ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ «እማማ፣ እስቲ ተነሥተው እግርዎን ያፍታቱ» ትላለች። እንግዳ ኖረም አልኖረም ቃሏ ያው ነው። እግር ማፍታታቱ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ መሆኑን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። አንሶላው የረጠበ ቀን ለብ ባለ ውኃ ታጥባቸዋለች፤ ሳትፈትግ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረገች ታደርቅና ቫዝሊን ትቀባቸዋለች። እስከዚያ ወሬዋ ስለ ጎረቤት ሠርግ ነው። እኔ ሙያ የምለው ይህን ነው።

ዳይፐር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለእኛ ስለሚቀለን ብቻ መራመድ ለሚችል ሰው ስናደርግለት ግን የቀረውንም አቅም እንነጥቀዋለን።

ሽንቱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ቀለሙ መቼ እንደተለወጠ፣ ከየትኛው ኪኒን በኋላ እንደባሰ የምታውቀው አስታማሚዋ ናት። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን እሷን ቤት ጠባቂ አድርገን እንተዋታለን። ይዛችኋት ሂዱ። ሽንት ማምለጡ በድንገት ከጀመረ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካለው፣ ወይም መቀባዠር ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ጓንትና ሳሙና አታሳጧት፤ ሌሊት ለምትነሣበትም ክፈሏት። በዕረፍት ቀኗ ተረኛው ልጅ ይሁን፤ ወንዱም ጭምር።