የቬኑስ መብረቅና የእኔ መልስ

አንባቢ ሆይ፤ በክረምት ማታ በመካከለኛ ሞገድ ዜና ስታዳምጥ፥ ሰማዩ ብልጭ ባለ ቍጥር ሬዲዮው በምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ሲንጣጣ ሰምተህ ይሆናል። ይህ የሬዲዮው ጉድለት አይደለም፤ መብረቁ ራሱ የሚልከው ሞገድ ነው። ሊቃውንትም የሌሎችን ፕላኔቶች መብረቅ ከሚፈልጉበት መንገድ አንዱ ይኸው ነው።

ዓምና ይህን ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ በቬኑስስ መብረቅ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፈርሁና፥ «እንዴታ! ደመና ካለ መብረቅ አይቀርም» አልሁት።

ማታ መጽሐፍ ብገልጥ ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ቮየጀር 1 የተባለችው መንኰራኵር የጁፒተርን መብረቅ በጨለማው ወገን ፎቶግራፍ አንሥታዋለች፤ ሞገዱንም ሰምታለች። ካሲኒ ግን በ1998 እና በ1999 በቬኑስ አጠገብ ስታልፍ እንዲህ ያለ ሞገድ አላገኘችም። ጆሮዋ ደንቍሮ እንዳይባል፥ በዚያው በ1999 በምድራችን አጠገብ ስታልፍ የእኛን መብረቅ አጥርታ ሰምታለች። ሌሎች መሣሪያዎች በቬኑስ ምልክት አግኝተዋል ቢባልም፥ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።

በማግሥቱ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ፥ «የትናንቱ መልሴ ልክ አልነበረም፤ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም» አልኋቸው። እኔ ሣቅ ስጠብቅ ልጁ ደብተሩን ከፍቶ መልሴን ሰረዘና በቦታው የጥያቄ ምልክት ጻፈ።

ወዳጄ፥ አንተም በክፍል ወይም በቢሮ ስትጠየቅ ይህን አስብ። አላውቅም ማለት የሚያሳፍረው ለአንድ አፍታ ነው፤ ያላወቁትን አውቃለሁ ማለት ግን በሰው ደብተር ተጽፎ ይቀራል።