ዛንዚባር ትቆየን፤ መጀመሪያ የወንጪ ዕዳ አለብን

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በዓል ማግስት ነው። አሜሪካ የምትኖረው ታላቋ ልጃችን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ላከች። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ወደ ባሕሩ ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ። ከሥሩ «እማዬ፣ አባዬ፣ የጋብቻችሁን 40ኛ ዓመት የምታከብሩት እዚህ ነው። ዛንዚባር! ትሮፒካል ደሴት!» ብላ ጽፋበታለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ወዲያው የጭብጨባ ምልክት ደረደረ። የልጅ ልጆቻችንም ማን ከእኛ ጋር እንደሚሄድ መጣላት ጀመሩ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም. እሁድ ዕለት አምቦ ነው። በእኛ ጊዜ የሠርጉን ዓመት የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ድግሱ፣ መልሱና ቅልቅሉ ካለቀ ወደ ኑሮ ነው። ይህን መቁጠር ያስተማሩን ልጆቻችን ናቸው። በ25ኛው ኬክ ቆረሱልን፤ በ40ኛው ደግሞ ደሴት አመጡልን።

እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኛል። ባሕር አይቼ አላውቅም። ልጄም በየቀኑ አዲስ ነገር ትነግረኛለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። «ስቶን ታውን» የሚባለው የድንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቅርንፉድ አገር ነው፤ እኔ ለሻይና ለቅመም ስጠቀምበት የኖርኩት ቅርንፉድ የሚበቅልበት። ፓስፖርታችን ጊዜው አልፎበታልና ማሳደስ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዲሁ። ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ።

ባለቤቴ ግን ዝም አለ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ስለ አገርና ስለ ካርታ ሲነሳ ዝም ማለት ፈጽሞ አያውቅበትም። «ጉልበትህ ነው ያሳሰበህ?» ብለው «አይደለም» አለኝ። «ወጪው ነው?» ብለው «የልጄ ስጦታ ነው፤ ምን አገባኝ» አለ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ማታ ዜና እያየን ሳለ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። «የሌላ አገር ደሴት ከመሄዴ በፊት በገዛ አገሬ ደሴት ያለብኝን ዕዳ ልክፈል» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ረስቼው አይደለም፤ ማንሳት ፈርቼ ነው እንጂ።

በ1981 ዓ.ም. አምቦ ሳለን ይህችው ዛንዚባር የምትልከን ልጃችን በኩፍኝ ታመመች። ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ኩፍኙ ሳንባዋ ላይ ወጣና ትንፋሿ አጠረ። ሐኪም ቤት 12 ቀን ተኛን። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉላት። በዘጠነኛው ሌሊት ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ተመለሰና «ለወንጪ ቂርቆስ ዣንጥላ ተስያለሁ» አለኝ። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር እሳት ውስጥ የተጣለው የሦስት ዓመቱ ሕፃን ነው። ለሕፃን ቢሳሉ ለሕፃን ብሎ ይሆናል ያን ታቦት የመረጠው።

ልጅቱ ዳነች። እኛ ግን ስለቱን አላገባንም። መጀመሪያ ደመወዙ አልበቃ አለ። ቀጥሎ ዝውውር መጣና አዲስ አበባ ገባን። ሁለተኛው ልጅ ተወለደ፤ ቤት ተሠራ፤ ዛሬ ነገ ስንል 37 ዓመት ሆነ። ይህን ለልጃችን ነግረናት አናውቅም።

በማግስቱ ባለቤቴ የልጅ ልጃችንን የትምህርት ቤት አትላስ ተውሶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «ተመልከቺ፤ ሐሩራማው ክልል ማለት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያለው ነው። ዛንዚባር በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ናት። አምቦና ወንጪ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ታዲያ የወንጪ ደሴት ትሮፒካል ደሴት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?» አለ። ከብዙ ቀን በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። «ብርድ የሚያደርጋት ከፍታው ነው፤ የእሳተ ገሞራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው» ሲል ጨመረበት።

ለልጃችን ደወልንና «ትኬቱን አትቁረጪ፤ በጥር አምቦና ወንጪ እንሄዳለን» አልናት። ምክንያቱን አልነገርናትም። ቅር አላት። «ገንዘቡ እንዳይወጣብኝ ብላችሁ ነው አይደል?» አለች። ስጦታን መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። «እዚያው ስንደርስ እንደውልልሻለን» ብለን ዘጋነው።

ከዚያ በኋላ ደብተሬ በሌላ ዓይነት ነገር ተሞላ። ከፍታና ብርድ ስላለበት ሁለታችንም ለደም ግፊታችን ሐኪም ጋ ታየን። ወፍራም ጋቢ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ምርኩዝ፣ መድኃኒት ከነማዘዣው አዘጋጀን። አምቦ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ እየደወልን የመንገዱን ሁኔታ ጠየቅን፤ በዚህ ዘመን ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ጥር 15 የቂርቆስ ክብረ በዓል ነው፤ ስለቱ በዚያ ቀን ቢገባ ደግ ነበር። ግን ግፊያውን ፈርተን ሦስት ቀን ዘግይተን በሠርጋችን ዕለት ለመድረስ ወሰንን። ዣንጥላውን ነዋየ ቅድሳት ከሚሸጥበት ሱቅ ባለቤቴ ራሱ መርጦ ገዛ። ቀይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው።

ጥር 17 ጠዋት በልጃችን መኪና ተነሳን። ከአዲስ አበባ አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሚቸኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ እኛ ግን ሙሉ ቀን ሰጠነው። ሆለታ ቁርስ በላን። አዲስ ዓለም ስንደርስ ባለቤቴ መኪናውን አስቁሞ ለልጁ ታሪኩን አወራለት። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ሲመናመን መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አስቀራትና ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ልጃችን በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሷል፤ ይህን ግን ሰምቶ አያውቅም።

ጊንጪ አካባቢ መሬቱ ጥቁር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ከመንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ገዛንና እየፈለፈልን ሄድን። ከአርባ ዓመት በፊት ሙሽራ ሆኜ ሳልፍ መስኮቱ ላይ አቧራ እንጂ ሌላ ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

አምቦ አንድ ሰሞን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ውሃዋ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ አገር ያዳረሰ ነው። አረፋውን ማንም አልጨመረበትም፤ ከመሬት ሲወጣ ጋዙን ይዞ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በዚሁ አውራጃ፣ ቦዳ ነው። እኛ ግን ለታሪክ ጊዜ አልነበረንም። ፍል ውሃው ዘንድ ሄደን እግራችንን ነከርን። የባለቤቴ ጉልበት ደህና አደረ። ማታ የድሮ ሰፈራችንን ፈለግነው። የተከራየንበት ቤት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆመ፤ ከዚያ «እንሂድ» አለ።

በማግስቱ በማለዳ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጣን። ወንጪ ከአምቦ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወረዳው ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ነው፤ ለአምቦ ሰው ግን ጎረቤት ነው። እየወጣን ስንሄድ ብርዱ ያይላል፤ እንሰቱም ይበዛል። ልጄ በፎቶው ላይ ያሳየችኝን ዛፍ አስታወሰኝ። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ ለማያውቀው ሙዝ ነው የሚመስለው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ማንም አልተናገረም። ከታች፣ በተራሮቹ መሐል ሐይቁ ይታያል፤ በሐይቁ ላይ ደሴቷ። እሳተ ገሞራ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ማር ይቆርጣል። ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፉት ሦስት ቦታዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ውስጥም ገብታለች። ስለዚህ እኛ በወጣትነታችን የምናውቃት ወንጪ አይደለችም፤ መንገዱም ማረፊያውም ተለውጧል። ፈረሶቹና ጀልባዎቹ ግን አሉ። የሚያሠሯቸውም የአካባቢው ልጆች ናቸው።

ባለቤቴን ፈረስ ላይ ለማውጣት ሦስት ሰው አስፈለገ። እኔም ተከተልኩ። ፈረሴን የሚስበው ልጅ በየቁልቁለቱ «እማማ፣ አይፍሩ፤ ወደ ኋላ ዘንበል ይበሉ» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቻለሁ። ጉልበት የሚያማችሁ ሰዎች ቁልቁለቱን በእግር አትሞክሩት። ዋጋውንም ከመውጣታችሁ በፊት፣ ደርሶ መልስ ብላችሁ ተነጋገሩ። ጀልባው ላይ ደግሞ ከመሐል ተቀመጡ።

ውሃው ዝም ያለ ነበር። ባለቤቴ ዣንጥላውን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ደሴቷ ላይ ስንወርድ አንድ አዛውንት ካህን ተቀበሉን። ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀና «አባ፣ 37 ዓመት የዘገየ ስለት ነው ይዤ የመጣሁት» አላቸው። ድምፁ ተቆራረጠ። ካህኑ ዣንጥላውን ተቀብለው ከፈቱት፤ ቀና ብለው አዩትና «ቂርቆስ ሕፃን ነው፤ ሕፃን ቂም አይዝም» አሉት። በመስቀላቸው ባርከውን ገቡ። ያን ያህል ነው። የፈራነውን ያህል ምንም አልሆነም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስልኩ ኔትዎርክ እስኪያገኝ ትንሽ አስቸገረ። አሜሪካ ሌሊት ነው፤ ልጃችን ግን አንስታ «ምነው፣ ሰላም ናችሁ?» አለች። አባቷ ሁሉንም ነገራት። ኩፍኙን፣ 12ቱን ቀን፣ ዘጠነኛውን ሌሊት፣ ዣንጥላውን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት። «አለሁ፤ ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?» አለች። አባቷ «ያልከፈልኩትን ዕዳ እንዴት ላውራ?» አላት። ልጄ አለቀሰች፤ ከዚያ «ደሴቱን አሳዩኝ» ብላ ካሜራውን አስዞረችን።

እኛ አዛውንቶች ልጆቻችን የሚሰጡንን ሁሉ «እሺ» ብለን መቀበል፣ ወይም ምክንያቱን ሳንናገር እምቢ ማለት ይቀናናል። ሁለቱም ልጅን ያስቀይማል። ልጄን ቅር ያሰኛት ዛንዚባር መቅረቱ አልነበረም፤ ለምን እንደቀረ አለማወቋ ነበር። በመስከረሙ ፎቶ ዕለት ብንነግራት ኖሮ አራት ወር ባልተቀየመችን ነበር። ምናልባትም እዚያ ድንጋይ ላይ ከጎናችን ትቀመጥ ነበር።

ስንመለስ ጫፉ ላይ ከአካባቢው ማር አንድ ኪሎ ገዛን፤ ግማሹ ለልጃችን ይላካል። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ጊንጪ እስክንደርስ ተኛ። ሲነቃ ወደ እኔ ዞረና «ያ ፓስፖርት የማሳደስ ነገር የት ደረሰ?» አለኝ።

«የትኛው ፓስፖርት?»

«የዛንዚባሩ ነዋ። አሁን ዕዳ የለብኝም።»