የጎጆ ብርድና የዋልያስ ሸክላ

ጎጆ ከተማ ማታ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» እየሰማሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የታተመ ሸክላ። በዚያ በደርግ የጭንቅ ዘመን ይህን የመሰለ ፋንክ መሠራቱ ሁሌም ይገርመኛል! «ሙዚቃዊ ስልት» በተሰኘው ሥራ ላይ ቤዙ ከሥር ሲገፋ፣ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከላይ ሲንሳፈፍ ሰውነቴን ይነዝረኛል። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄም በዚህ ሸክላ ላይ ቫይብራፎን ተጫውተዋል።

ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀረጿትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተማት፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። አንዲት ካሴት!

የጎጆና የአምቦ ልጆች፣ እባካችሁ የአባቶቻችሁን ሣጥን ፈትሹ። ያገኛችሁት ሸክላ የተቧጨረም ቢሆን አትጣሉት፤ መጥቼ አብረን እንሰማዋለን።